አስትሮፊዚክስና ኮስሞሎጂ ለብቻ ለመማር፦ «ከየት ልጀምር» ለምትሉኝ ሁሉ

«አስትሮፊዚክስ መማር እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር፣ መጽሐፍ ካለህ ላክልኝ።» ኢንቦክሴ በዚ ጥያቄ ተሞልቷል። ጠያቂው አንዳንዴ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ አንዳንዴ ኢንጂነሪንግ ጨርሶ ሥራ የያዘ ሰው ነው፣ አንዳንዴ ደሞ ዱባይ ወይ ቨርጂኒያ ሆኖ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ማንበብ የፈለገ ነው፣ ግን አብዛኞቹ ጋ አንድ የሚመሳሰል ነገር አለ፣ ስልካቸው ውስጥ ፒዲኤፍ ሞልቷል፣ አንዱም ከሁለተኛው ምዕራፍ አላለፈም። ስለዚህ መልሱን አንዴ በደንብ ልጻፈው።

ችግሩ የመጽሐፍ ማነስ አይደለም፣ መብዛቱ ነው። ለአንድ ደረጃ አንድ መጽሐፍ ብቻ ትይዛላችሁ፣ ጥያቄዎቹን በእስክሪብቶ ትሠራላችሁ፣ ከዛ እውነተኛ ዳታ አውርዳችሁ በእጃችሁ ትነካካላችሁ። በቃ ይሄው ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ይሄን እንዴት እንደምታደርጉ ነው የሚናገሩት፣ ቅደም ተከተሉን ባትዘሉት ይሻላል።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር

- ላፕቶፕ። አሮጌም ቢሆን ችግር የለውም፣ ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የምንሠራው ብራውዘር ላይ ስለሆነ ከባዱን ሥራ የጉግል ኮምፒውተር ነው የሚሠራላችሁ። ስልክ ብቻ ያለው ሰው እስከ ደረጃ 5 ያለምንም ችግር ይሄዳል።
- ባለ 100 ሉክ ደብተር፣ ሁለት ቢሆን ጥሩ። አንዱ ለጥያቄ፣ አንዱ ለሰማይ ምልከታ።
- ሎጋሪዝም ያለው ሳይንቲፊክ ካልኩሌተር፣ የስልክ አፕም ይሆናል።
- የጉግል አካውንት።
- ኢንተርኔት፣ ሁሌ ሳይሆን በሳምንት አንዴ ለማውረጃ። ከታች የምጠቅሳቸው መጻሕፍትና ሌክቸሮች አብዛኞቹ በነጻ የሚወርዱ ናቸው፣ ዋይፋይ ያገኛችሁ ቀን ፍላሽ ላይ ጫኑት፣ መብራት ወይ ኔትዎርክ ሲጠፋ ጥናታችሁ አይቆምም።
- ቢኖኩላር 10×50 ወይ 7×50 ከተገኘ። ካልተገኘም ይለፍ።

ቴሌስኮፕ እዚህ ዝርዝር ውስጥ የሌለው ረስቼው አይደለም። ርካሽ ቴሌስኮፕ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። ገንዘቡን ያዙት።

1. መጀመሪያ ራሳችሁን ፈትኑ

እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ምንም ሳታዩ ደብተር ላይ ሞክሩ።

ሀ) የ1000 ሎጋሪዝም በቤዝ 10 ስንት ነው? የ2ስ?
ለ) አንድ ነገር ከጊዜ ጋር በ«ጊዜ ፓወር ሁለት ሦስተኛ» የሚያድግ ከሆነ ዴሪቬቲቩ ምንድነው?
ሐ) 70 ኪሎ ሜትር በሰከንድ በሜጋፓርሴክ የሚለውን ቁጥር «በሰከንድ» ብቻ ወደሚል ዩኒት ቀይሩት። አንድ ሜጋፓርሴክ 3.086×10¹⁹ ኪሎ ሜትር ነው።

መልሱ፦ ሀ) 3 እና 0.301። ለ) ሁለት ሦስተኛ ሲባዛ በጊዜ ፓወር ኔጋቲቭ አንድ ሦስተኛ። ሐ) 2.27×10⁻¹⁸ በሰከንድ።

ለምን እነዚህ? የኮከብ ድምቀት የሚለካበት ማግኒቲውድ የሚባለው ነገር ሎጋሪዝም ነው። ሁለተኛው ጥያቄ በቁስ ብቻ የተሞላ ዩኒቨርስ የሚሰፋበት መንገድ ነው፣ ደረጃ 5 ላይ ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ። ሦስተኛው ደሞ ዩኒት መቀየር ነው፣ ይሄ ትምህርት ውስጥ ግማሹ ስህተት ከዩኒት ነው የሚመጣው። ሦስቱንም ከመለሳችሁ ደረጃ 2ን ዝለሉት። አንዱም ከከበዳችሁ አታቋርጡ፣ ደረጃ 2 ለዚሁ ነው።

2. ሒሳቡንና ፊዚክሱን ጎን ለጎን አስኪዱ

የ12ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፋችሁ ውስጥ ያለው የካልኩለስ ክፍል ለመነሻ በቂ ነው፣ ሊሚት፣ ዴሪቬቲቭ፣ ኢንተግራል። መጽሐፉ ከሌላችሁ ወይ ከተማራችሁት ብዙ ዓመት ካለፈ ኦፕንስታክስ የሚባለው የአሜሪካው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮጀክት «ካልኩለስ» የሚል በሦስት ቅጽ የተዘጋጀ ነጻ መጽሐፍ አለው፣ የመጀመሪያው ቅጽ ይበቃችኋል። ማብራሪያው ሲከብድ ካን አካዳሚ ላይ ያንኑ ርዕስ እዩ።

ለፊዚክስ ከዚያው ከኦፕንስታክስ «ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ» አለ፣ እሱም ሦስት ቅጽ ነው። ሁሉንም አታንብቡ። የምትፈልጉት የኒውተን ሕጎች፣ ኢነርጂ፣ ግራቪቴሽን፣ ሙቀትና ጋዝ፣ ብርሃንና ሞገድ፣ ከዛ ከሦስተኛው ቅጽ ስፔሻል ሪላቲቪቲና አተም ነው። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ምናምን ለጊዜው ይቆይ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ «ሒሳቡን ጨርሼ ነው ወደ አስትሮኖሚ የምገባው» ይላል፣ ሒሳቡ አያልቅም፣ ሰውየው ይሰለችና ሁሉንም ይተወዋል። ደረጃ 3ን አብራችሁ ጀምሩ። ካልኩለሱ ለምን እንደሚያስፈልግ በዓይናችሁ ስታዩት ራሱ ይጎትታችኋል።

3. አንድ መጽሐፍ፣ ከነምዕራፉ

ኦፕንስታክስ «አስትሮኖሚ» ሁለተኛ እትም። ነጻ ነው፣ 30 ምዕራፍ አለው፣ ፒዲኤፉ ይወርዳል። ከካልኩለስ በፊት ያለ ሰውም ይረዳዋል። ስክሪን ላይ ማንበብ ዓይናችሁን የሚያደክማችሁ ከሆነ የሚያስፈልጓችሁን ምዕራፎች ብቻ ፎቶ ኮፒ ቤት አስወጥታችሁ አስጠርዙ።

አስትሮፊዚክስ የሚፈልግ ሰው በዚ ቅደም ተከተል ያንብበው፦ ምዕራፍ 2 ስለ ሰማይ አጠቃላይ፣ ምዕራፍ 3 ስለ ምህዋርና ግራቪቲ፣ ምዕራፍ 5 ስለ ብርሃንና ስፔክትረም (ብርሃን በቀለም በቀለሙ ሲዘረዘር)፣ ምዕራፍ 6 ስለ መሣሪያዎች። ከ7 እስከ 14 ያለው ስለ ፕላኔቶችና ኮሜቶች ነው፣ ደስ ይላል ግን አሁን እለፉት። ከዛ ከ15 እስከ 29 በተርታ፣ ከፀሐይ ተነስቶ በኮከብ አወላለድና አሟሟት፣ በብላክ ሆል፣ በጋላክሲ አድርጎ ቢግ ባንግ ላይ ያደርሳችኋል።

ምዕራፍ 5ን ሁለቴ አንብቡት። እውነቴን ነው። የምናውቀው ነገር በሙሉ ማለት ይቻላል ከብርሃን ነው የመጣው፣ ኮከቡን ሄዶ የነካው የለም፣ ሙቀቱም፣ የተሠራበት ነገርም፣ ወደኛ ይምጣ ይሽሽም የሚታወቀው ከስፔክትረሙ ነው። ይሄ ምዕራፍ ያልገባው ሰው ምዕራፍ 17 ላይ ይቆማል።

እያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ የስሌት ጥያቄዎች አሉ። ቢያንስ አምስቱን ሳትሠሩ ወደሚቀጥለው አትሂዱ። ቪዲዮ ማየት ከፈለጋችሁ የየል ዩኒቨርሲቲ ነጻ ኮርሶች ውስጥ የቻርልስ ቤይሊን የአስትሮፊዚክስ ኮርስ አለ፣ የ2007 ቢሆንም ስለ ኤክሶፕላኔት (ሌላ ኮከብ የሚዞር ፕላኔት)፣ ብላክ ሆልና ዳርክ ኢነርጂ (የዩኒቨርስን መስፋፋት ያፈጥናል የሚባለው ነገር) የሚያስብበት መንገድ አሁንም ያስተምራል፣ ሒሳቡም ቀላል ነው። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ደሞ የዓለም አቀፉን የአስትሮኖሚና አስትሮፊዚክስ ኦሊምፒያድ የድሮ ጥያቄዎች ፈልጉ፣ ከነመልሳቸው በነጻ ይገኛሉ፣ ከነሱ የተሻለ ልምምድ አላየሁም።

4. አንድ ኳዛር በእስክሪብቶ

መጽሐፉን ከጨረሳችሁ በኋላ ሳይሆን ምዕራፍ 27 አካባቢ ስትደርሱ ይሄን ሥሩ። 3ሲ 273 የሚባል ኳዛር (በጣም ሩቅና በጣም ደማቅ የሆነ የጋላክሲ እምብርት) አለ። ሃይድሮጅን ላብራቶሪ ውስጥ 656.3 ናኖሜትር ላይ የሚያበራው ቀይ መስመር እዚህ ኳዛር ላይ ወደ 760 ናኖሜትር ተንሸራቶ ነው የሚገኘው።

መጀመሪያ ሪድሺፍቱን፣ ማለትም ብርሃኑ ወደ ቀይ የተንሸራተተበትን መጠን፣ አውጡ። የተንሸራተተውን ለመነሻው ማካፈል ነው፦ (760 − 656.3) ÷ 656.3 = 0.158። ሁሌ የምታካፍሉት ላብራቶሪ ውስጥ ላለው ቁጥር ነው፣ ለተለካው አይደለም፣ ብዙ ሰው ይሄን ይገለብጠዋል።

ቀጥሎ ፍጥነት፦ 0.158 × 300,000 = 47,400 ኪሎ ሜትር በሰከንድ።

ከዛ ርቀት፣ የሃብልን ቁጥር (ዩኒቨርስ አሁን ምን ያህል በፍጥነት እንደሚሰፋ የሚናገረውን) 70 ብላችሁ ያዙ፦ 47,400 ÷ 70 = 677 ሜጋፓርሴክ። አንድ ሜጋፓርሴክ 3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ስለሆነ ወደ 2.2 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ይመጣል።

አሁን ደስ የሚለው ነገር። ይሄንኑ ጥያቄ ኋላ ላይ በትክክለኛው የኮስሞሎጂ ኢንተግራል ስትሠሩት (የሃብል ቁጥር 70፣ ቁስ 0.3፣ ዳርክ ኢነርጂ 0.7 ተብሎ) አንድ ሳይሆን ሁለት ርቀት ታገኛላችሁ፣ የኮሙቪንግ ርቀት ወደ 652 ሜጋፓርሴክ፣ የሉሚኖሲቲ ርቀት ደሞ ወደ 755። የኛ 677 በመሃል ተቀምጧል። የትኛው ነው ትክክል? ሁለቱም ናቸው፣ የተለያየ ጥያቄ ነው የሚመልሱት፣ አንዱ አሁን በመሃላችን ስንት ቦታ አለ የሚለውን፣ ሌላው ብርሃኑ ምን ያህል ደክሞ ደረሰ የሚለውን። ቀላሉ ስሌት የሚሠራው ሪድሺፍቱ ትንሽ ሲሆን ነው፣ ከ0.1 በላይ ሲሄድ መንገዱን እየሳተ ይመጣል። ኢንተርኔት ላይ ለአንድ ጋላክሲ ሦስት አይነት ርቀት አይታችሁ ግራ የሚገባችሁም ለዚ ነው፣ ማንም አልዋሸም።

5. ወደ ኮስሞሎጂ

የባርባራ ራይደን «ኢንትሮዳክሽን ቱ ኮስሞሎጂ»። ይሄ አንድ መጽሐፍ በቂ ነው። ካልኩለስና የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያለው ሰው ያነበዋል፣ ጄነራል ሪላቲቪቲ አስቀድሞ አይጠይቅም፣ የፍሪድማንን ኢኩዌዥን (ዩኒቨርስ እንዴት እንደሚሰፋ የሚናገረውን) መጀመሪያ በኒውተን ግራቪቲ አድርጎ ያሳያችኋል። ነጻ አይደለም፣ ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪ ጠይቁ፣ ውጭ ያላችሁ የከተማችሁ ላይብረሪ ከሌላ ላይብረሪ አስመጥቶ ሊያውሳችሁ ይችላል። ጨርሶ ካልተገኘ የካምብሪጁ ዴቪድ ቶንግ ድረ ገጹ ላይ በነጻ ያስቀመጠው የኮስሞሎጂ ሌክቸር ኖት አለ፣ ትንሽ ከበድ ይላል ግን አጻጻፉ ሰው ያወራችሁ ነው የሚመስለው።

ለቪዲዮ የኤምአይቲ ኦፕንኮርስዌር ውስጥ ቁጥሩ 8.286 የሆነ «ዘ ኧርሊ ዩኒቨርስ» የሚል ኮርስ አለ። አስተማሪው አለን ጉዝ ነው፣ የኢንፍሌሽንን ሐሳብ (ዩኒቨርስ ገና ሲጀመር በቅጽበት እጅግ ሰፋ የሚለውን) ያቀረበው ራሱ ሰውየው። የ2013 ሌክቸሮቹ ከነጥያቄዎቹ በነጻ ይወርዳሉ። ቪዲዮውን ብቻ አይቶ የቤት ሥራውን የዘለለ ሰው ግን ፊልም እንዳየ ይቁጠረው።

የፍሪድማን ኢኩዌዥን ላይ ስትደርሱ ቁሙና እነዚህን ሁለት ነገሮች በእጃችሁ አውጡ።

አንደኛ፣ የዩኒቨርስ ዕድሜ ግምት። 1ን ለ2.27×10⁻¹⁸ አካፍሉ፣ 4.41×10¹⁷ ሰከንድ ይመጣል፣ አንድ ዓመት 3.156×10⁷ ሰከንድ ነው፣ ስለዚህ ወደ 14 ቢሊዮን ዓመት። ይሄ ግን የሃብል ጊዜ እንጂ ዕድሜው አይደለም፣ መስፋፋቱ ሁሌ በአንድ ፍጥነት ስላልነበረ። የፕላንክ ሳተላይት ቁጥሮችን (የሃብል ቁጥር 67.4፣ ቁስ 0.315) ስታስገቡ የሃብል ጊዜው 14.5 ቢሊዮን ይሆንና በ0.951 ተባዝቶ 13.8 ላይ ያርፋል። ያ 0.951 ከየት እንደመጣ ኢንተግራሉን ሠርታችሁ ካገኛችሁት ኮስሞሎጂ ገብቷችኋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ክሪቲካል ዴንሲቲ፣ ዩኒቨርስ ጠፍጣፋ እንዲሆን የሚያስፈልገው ጥግግት። 3 ሲባዛ በሃብል ቁጥር ስኩዌር፣ ሲካፈል ለ8 ፓይ ጂ (ጂ የኒውተን የግራቪቲ ቁጥር ነው)። ወደ 9.2×10⁻²⁷ ኪሎግራም በኪዩቢክ ሜትር ታገኛላችሁ። ለሃይድሮጅን አተም ክብደት ብታካፍሉት በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አምስት ተኩል አተም ገደማ ነው። ከዚ ውስጥ ተራው ቁስ፣ እኛንም ከዋክብትንም ጨምሮ፣ 5 በመቶ አካባቢ ብቻ መሆኑን ስታስቡት ነው ነገሩ የሚከብደው።

ይሄን የጨረሰና ስለ ከዋክብት ውስጥ አሠራር በጥልቀት መሄድ የሚፈልግ የካሮልና ኦስትሊን ትልቁን መጽሐፍ ይያዝ፣ ከሺህ ገጽ በላይ ነው፣ ከዳር እስከ ዳር የሚነበብ ሳይሆን እየተገለጠ የሚሠራበት ነው። ጄነራል ሪላቲቪቲ የሚፈልግ ደሞ የሾን ካሮልን ነጻ ሌክቸር ኖት አርካይቭ የሚባለው የፔፐር ድረ ገጽ ላይ ያገኘዋል (ስም ተመሳሰለ እንጂ ሌላ ሰው ነው)።

6. እውነተኛ ዳታ፦ ሰባቱ ከዋክብት

ብዙ ሰው የሚፈራው ደረጃ ይሄ ነው፣ እኔ ግን በጣም የምወደው ነው። የአውሮፓው የጋያ ሳተላይት ሦስተኛው ዳታ ከሰኔ 2022 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው፣ ወደ 1.8 ቢሊዮን ከዋክብት አሉበት። እናንተ የምትፈልጉት ፕሊያዲስን ብቻ ነው፣ ያ በዓይን የሚታየው ሰባቱ ከዋክብት የሚባለው ክምችት።

ሀ) ጉግል ኮላብ ክፈቱ፣ አስትሮክዌሪ የሚባለውን ጥቅል ጫኑ። አስትሮፓይ እዛው አለ። ፓይተን ጨርሶ የማታውቁ ከሆነ ከዚህ በፊት ሁለት ሳምንት ለሊስት፣ ለሉፕ፣ ለናምፓይና ለማትፕሎትሊብ መሠረታዊ ነገር ስጡ፣ ከዛ በላይ አይፈልግም።

ለ) የፍለጋውን መሃል አስገቡ (ራይት አሴንሽንና ዴክሊኔሽን የሰማይ ኬንትሮስና ኬክሮስ በሏቸው)፦ ራይት አሴንሽን 56.75 ዲግሪ፣ ዴክሊኔሽን +24.12 ዲግሪ፣ ራዲየሱ 2 ዲግሪ።

ሐ) ማጣሪያውን እዛው ጥያቄው ውስጥ ጻፉት፣ ካወረዳችሁ በኋላ አይደለም፣ አለበለዚያ ከኋላና ከፊት ያለውን ኮከብ ሁሉ ትጭናላችሁ። ፓራላክስ (ምድር ፀሐይን ስትዞር ኮከቡ የሚንቀሳቀስ የሚመስልበት ትንሽ አንግል፣ ርቀቱ የሚታወቀው ከሱ ነው) ከ6.9 እስከ 7.8 ሚሊአርክሰከንድ። ፓራላክስ ለስህተቱ ሲካፈል ከ10 በላይ። የሰማይ ላይ እንቅስቃሴ ደሞ በራይት አሴንሽን ከ15 እስከ 25፣ በዴክሊኔሽን ከ−50 እስከ −40 ሚሊአርክሰከንድ በዓመት። እንቅስቃሴውን የምንጨምረው አብረው የተወለዱ ከዋክብት አብረው ስለሚሄዱ ነው፣ እንዲሁ በአጋጣሚ እዛ ርቀት ላይ የተገኘውን መንገደኛ ያወጣልናል።

መ) ለያንዳንዱ ኮከብ ትክክለኛ ድምቀቱን አስሉ፦ የታየው ማግኒቲውድ + 5 ሲባዛ በፓራላክሱ ሎጋሪዝም − 10፣ ፓራላክሱ በሚሊአርክሰከንድ ሆኖ። ለምሳሌ ማግኒቲውዱ 10 ፓራላክሱ 7.4 የሆነ ኮከብ 4.35 ይመጣል። ያ 7.4 ራሱ ርቀት ነው፣ 1000 ÷ 7.4 = 135 ፓርሴክ።

ሠ) በአግድም ቀለሙን፣ በቁም ድምቀቱን አድርጋችሁ ግራፍ ሥሩ፣ የቁሙን ዘንግ ገልብጡት። ማግኒቲውድ ሲያንስ ነው ኮከቡ የሚደምቀው፣ ካልገለበጣችሁት ደማቁ ከታች ይሆንና መጽሐፉ ላይ ካለው ጋር አይመሳሰልም።

ከላይ ግራ ተነስቶ ወደ ታች ቀኝ የሚወርድ ቀጭን መስመር ይወጣላችኋል። አሁን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከዋናው መስመር ትንሽ ከፍ ብሎ፣ 0.75 ማግኒቲውድ ያህል፣ ሁለተኛ ሳሳ ያለ መስመር ትይዩ ሆኖ ይታያል። እነዚህ ከዋክብት ብቻቸውን አይደሉም፣ ሁለት እኩል ከዋክብት ተጠጋግተው ጋያ እንደ አንድ ያያቸው ናቸው፣ እጥፍ ብርሃን ማለት 2.5 ሲባዛ በ2 ሎጋሪዝም፣ ልክ 0.75። ማንም ሳይነግራችሁ ጥንድ ከዋክብትን ከግራፍ ላይ አወጣችሁ ማለት ነው።

እዚህ ደረጃ ላይ ሰው የሚሰናከልባቸው፦ ያመጣችሁት ውጤት ልክ 2000 መስመር ከሆነ ተቆርጧል ማለት ነው፣ የተለመደው የጥያቄ መላኪያ እዛ ላይ ያቆማል፣ «ኤሲንክ» የሚለውን ተጠቀሙ። ሎጋሪዝሙ ባዶ ወይ የማይነበብ ነገር ካመጣ ኔጋቲቭ ፓራላክስ ገብቶባችኋል፣ ጋያ ውስጥ ኔጋቲቭ ፓራላክስ አለ፣ የመለኪያ ስህተት እንጂ የተበላሸ ዳታ አይደለም። ናምፓይ ላይ ደሞ «ሎግ» ብቻ ብትሉ የሚሠራላችሁ ናቹራል ሎጋሪዝሙን ነው፣ «ሎግ10» በሉ።

ይሄ ከቀለላችሁ ቀጣዩ የፓንቴዎን ፕላስ የሱፐርኖቫ ዳታ ነው፣ በነጻ ይወርዳል፣ በሱ ዩኒቨርስ እየፈጠነ እንደሚሰፋ ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ።

7. ሰማዩን ራሱን እዩ

አገር ቤት ያለን ሰዎች ቦታችን ጥሩ ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላ ትታያለች፣ በሚያዝያና ግንቦት ማታ ደሞ በደቡብ በኩል የደቡብ መስቀል አለ፣ አውሮፓ ያለ ሰው ይሄን አያይም። ስቴላሪየም የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭናችሁ ቦታችሁን አስገቡ።

ለአስትሮፊዚክስ የሚሆን ያለ ምንም መሣሪያ የሚሠራ ነገር ካላችሁኝ አልጎል ነው፣ ፐርሲየስ ውስጥ ያለ ኮከብ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት ማታ ማታ ይታያል፣ ያኔ ደሞ ዝናብ የለም። ሁለት ከዋክብት እርስ በርስ ስለሚጋረዱ በየ2 ቀን ከ20 ሰዓት ከ49 ደቂቃው ከ2.1 ማግኒቲውድ ወደ 3.4 ይወርዳል፣ ብርሃኑ ከሲሶ በታች ይሆናል ማለት ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ከጎኑ ካሉት ጋር አወዳድሩት፣ አልማክ 2.1 ነው፣ ዴልታ ፐርሲ 3.0። ዛሬ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ከደበዘዘ ከሦስት ሌሊት በኋላ ማታ 3፡49 ላይ ይደበዝዛል።

የሰዓት ነገር ላይ ተጠንቀቁ፣ አስትሮኖሚ የሚመዘገበው በዩኒቨርሳል ታይም ነው፣ እኛ ደሞ የራሳችን አቆጣጠር አለን። ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆናችሁ የማታውን ሰዓት ላይ 15 ደምሩ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት 18፡00 ነው፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት 22፡00 ነው። 24 ከሞላ ወይ ካለፈ 24 ቀንሱ። ቀኑን በፈረንጅ ጻፉ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ የዩኒቨርሳል ታይም ቀኑ ገና የትናንቱ ነው። ይሄን ያልጻፈ ሰው ምልከታው ከሌላ ሰው ጋር አይገጥምለትም።

8. ፔፐር ማንበብ

አርካይቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ የአስትሮፊዚክስ ፔፐሮች በነጻ ይወጣሉ፣ ስድስት ክፍል አለው፣ ኮስሞሎጂ ለብቻው፣ ጋላክሲ ለብቻው፣ ፀሐይና ከዋክብት ለብቻው እያለ። የናሳ ኤዲኤስ ደሞ መፈለጊያው ነው፣ አንድን ፔፐር ማን እንደጠቀሰው ያሳያችኋል።

ከላይ ወደ ታች አታንብቡ። አብስትራክቱን፣ ከዛ ግራፎቹን ከነመግለጫቸው፣ ከዛ መደምደሚያውን፣ ከዛ መግቢያውን፣ መሃሉን መጨረሻ። ለልምምድ ሁለት ውሰዱ፣ ቁጥር 1807.06209 የፕላንክ ነው፣ ቁጥር 2112.04510 ደሞ የአዳም ሪስ ቡድን። የመጀመሪያው የሃብል ቁጥር 67.4 ሲደመር ሲቀነስ 0.5 ይላል፣ ሁለተኛው 73.04 ሲደመር ሲቀነስ 1.04። ልዩነቱን ለሁለቱ ስህተቶች ስኩዌር ድምር ስኩዌር ሩት አካፍሉ፣ 4.9 አካባቢ ይመጣል፣ ልዩነቱ ከስህተቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ ማለት ነው። ሰው ሁሉ «የሃብል ውጥረት» እያለ የሚጨቃጨቅበት ነገር ይቺው ቁጥር ናት፣ ከአሁን በኋላ ቪዲዮ ላይ ስትሰሙት የምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ማስጠንቀቂያ

ፀሐይን በቢኖኩላር፣ በቴሌስኮፕ፣ በፀሐይ መነጽር ወይ በራጅ ፊልም አታዩ። ዓይን ውስጥ ሲቃጠል አያምም፣ የሚታወቃችሁ በኋላ ነው። የግርዶሽ መነጽር አድርጋችሁም ቢኖኩላር አትጠቀሙ፣ ሌንሱ ሙቀቱን ሰብስቦ መነጽሩን ያበላሸዋል። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም ግርዶሽ አለ፣ እኛ ጋ በከፊል፣ ሳዑዲና የመን ላይ ሙሉ፣ ክረምት ስለሆነ ደመና ሊኖር ይችላል ግን ከተገለጠ ይሄን አስታውሱ፣ ለልጆችም ንገሩ።

ኮከብ በስማችሁ እንሰይምላችሁ ብሎ ገንዘብ የሚቀበል ሁሉ ወረቀት ነው የሚሸጥላችሁ፣ ስሙን የሚቀበል ሳይንሳዊ ተቋም የለም። በቴሌግራም የነጻ መጽሐፍ ፒዲኤፍ የሚሸጡም አሉ፣ ኦፕንስታክስን ማንም ሊያስከፍላችሁ አይገባም።

ቻትቦት ስሌት ስትጠይቁት ተማምኖ ይመልሳል፣ ዩኒት ላይ ደሞ ይስታል፣ የሌለ ፔፐርም ይጠቅስላችኋል። ጥያቄውን መጀመሪያ ራሳችሁ ሥሩ፣ ከዛ ማብራሪያ ጠይቁት፣ የሚጠቅሰውን ፔፐር ኤዲኤስ ላይ ፈልጉት፣ ከሌለ የለም።

ወደ መደበኛ ትምህርት መግባት ለምትፈልጉ

ባችለር በፊዚክስ ያዙ፣ «አስትሮፊዚክስ» የሚል ዲግሪ ካልተገኘ ብላችሁ አትቀመጡ፣ ፊዚክስና ፕሮግራሚንግ ያለው ሰው በማስተርስ ይገባል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ክፍል አለ፣ እንጦጦ ላይ ደሞ 3200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች አሉ። ከባችለር በኋላ ጣሊያን ትሪየስቴ ያለው አይሲቲፒ ለታዳጊ አገር ተማሪዎች ወጪያቸውን ሸፍኖ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል፣ ኮስሞሎጂ ያለበት ዘርፍ አለው። ደቡብ አፍሪካ ደሞ ናስፕ የሚባለው የአስትሮፊዚክስ ፕሮግራም ከሌሎች የአፍሪካ አገራትም ተማሪ ይቀበላል። የማመልከቻ ቀኑን ከራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ብቻ አረጋግጡ፣ ከተጋራ ፖስት ላይ አይደለም። የፕሊያዲስ ግራፋችሁንና ኮዳችሁን አስቀምጡት፣ ማመልከቻ ላይ «ፍላጎት አለኝ» ከሚል ደብዳቤ በላይ ይናገራል።

አንድ ቦታ ላይ ተጣብቃችሁ ስትጽፉልኝ የደረጃውን ቁጥር፣ የሞከራችሁበትን ገጽ ፎቶ፣ ኮድ ከሆነ ደሞ የወጣውን ስህተት ሙሉውን ላኩ። «አልሠራልኝም» ብቻ ከሆነ መልሼ የምጠይቃችሁ እነዚሁን ነው።